አባባ ተረፈን ኮት ያለበሰው ፎቶ አንሺ

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣ ሰው ኮት የለኝም ብሎ አይጨነቅም፣ ፎቶ አንሺው ቲቶ ያለብሰዋል። ድሮ ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ምስማር ላይ የተሰቀለች አንዲት ጥቁር ኮት ነበረችው። ገበሬውም ተማሪውም ተራ በተራ እየለበሳት አንገትጌዋ በሰው ላብ ደርቆ ቆርፍዶ ነበር። ኮምፒውተር ከገዛ ወዲህ ግን ኮቷ ስራ ፈታች። አሁን ሰውየው በቲሸርቱ ይነሳል፣ ቲቶ ከአንገቱ በላይ ቆርጦ ኮምፒውተሩ ውስጥ ካለ ሰማያዊ ሱፍና ቀይ ክራቫት ላይ ይሰካዋል፣ በቃ።

አጠገቡ ጨርቅ የሚሸጠው ሳዲቅ፣ "አንተ እኮ ፎቶ አንሺ አይደለህም፣ የእኔን ገበያ የምትዘጋ ልብስ ሰፊ ነህ!" እያለ ይቀልድበታል።

ቲቶም ይስቃል። ኮት ማልበስ ኃጢአት ሆኖ ታይቶት አያውቅም። ደንበኛው ደስ ብሎት ይሄዳል፣ መስሪያ ቤቱም ፎቶውን ይቀበላል። ማን ተጎዳ?

ቲቶ ትምህርቱን አስረኛ ክፍል ላይ ነው የተወው። ስራውን የለመደው ለሰርግ ፎቶ አንሺ መብራት እየተሸከመ ነው። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ቪዲዮ ሊቀርጽ የመጣ ልጅ የቲቶን ፎቶዎች እያገላበጠ፣ "አንተ፣ እነዚህን ኢንተርኔት ላይ አትሸጥም እንዴ?" አለው። "ፎቶ የሚሸጥባቸው ሳይቶች አሉ። ትጭናለህ፣ የትም አገር ያለ ሰው ይገዛሃል። አንዷን ፎቶ ሺ ሰው ቢገዛት አታልቅም።"

አታልቅም የምትለዋ ቃል ቲቶ ጆሮ ውስጥ ቀረች። ቡና ሲሸጥ ያልቃል፣ ኮረሪማ ሲሸጥ ያልቃል። የማያልቅ ነገር የሚሸጥ ሰው አይቶ አያውቅም።

ጀመረ። ኢንተርኔት ቤት እየሄደ ቀይ ቡና ጫነ፣ ጫካው ላይ የተኛ ጉም ጫነ፣ የቴፒን ቁንዶ በርበሬ እንጨቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ጫነ። ማንም አልገዛውም። ቀስ እያለ ግን አንድ ነገር ገባው። ፈረንጆቹ ቡናውን ሳይሆን ቡናውን የሚይዘውን ሰው ነው የሚፈልጉት። ፊት ፍለጋ ሞተሩን አስነስቶ ወደ ሸኮ ሄደ።

አባባ ተረፈን ያገኛቸው እዚያ ነው። ቤታቸው ጀርባ አልጋ ላይ ቡና አስጥተው፣ አጎንብሰው የተበላሸውን ፍሬ ይለቅማሉ። አልጋ የሚባለው ቡና የሚደርቅበት ከእንጨትና ከሽቦ የተሰራው ነው። ሸሚዛቸው ትከሻው ላይ ተቀዷል። ቲቶ ሰላም ብሎ ጨዋታ ጀመረ።

"አባባ፣ ማን ነው ቀድሞ የሚደርቀው? ቡናው ነው እርስዎ?"

"እኔማ ደርቄ ጨርሻለሁ!" አሉ አባባ ተረፈ። "አሁን እኔን ነው አውጥቶ መሸጥ!"

አሉና በራሳቸው ቀልድ ከት ብለው ሳቁ። ከፊት አንድ ጥርስ የላቸውም። ፀሐይዋ በጎን መጥታ ፊታቸው ላይ አረፈች። ካሜራውን አነሳ። ቲቶ ተጫነ። እንዲህ ያለች ፎቶ በሕይወቱ አንስቶ አያውቅም፣ ያኔውኑ አውቋታል።

"ይቺንማ እንዳትቆጥራት" አሉት አባባ ተረፈ። "ቆይ ልልበስ። ፎቶ እንዲህ ነው እንዴ?"

ገብተው ቡናማ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። ባለቤታቸው እማማ ካሰች ተከትለው እየወጡ የኮቱን ቁልፍ ይቆልፉላቸዋል። "አፍህን ግጠም ተረፈ፣ ባዶው ጥርስህ እንዳይታይ" ይላሉ። አባባ ተረፈ እጃቸውን ጎናቸው ላይ ለጥፈው፣ አፋቸውን ገጥመው፣ ፖሊስ ፊት እንደቀረበ ሰው ቀጥ ብለው ቆሙ። ቲቶ ተጫነ።

"አጥበህ ታመጣልኛለህ?"

"እንዴታ አባባ! በሚቀጥለው ሳምንት ይዤ እመጣለሁ።"

በዚያ አገር ካሜራ የያዘ ሰው ሁሉ እንዲህ ይላል። አጥቤ አመጣለሁ ይላል፣ ሰውየውም ፊቱን ይሰጠዋል። የሚያመጣው ግን ስንቱ ነው?

ቲቶ በዚያው ወደ ቴፒ ሲወርድ ዛፍ ላይ ጉሬዛ አየ። ያ ነጭና ጥቁር ጸጉሩ ፀሐይ ላይ ያበራል። ሞተሩን አቁሞ ካሜራውን ሲያወጣ ካርዱ ሞልቷል። ቶሎ ቶሎ ማጥፋት ጀመረ። አባባ ተረፈ ኮት ለብሰው ቀጥ ብለው የቆሙባት ፎቶ መጣች። ይቺን ማን ይገዛታል አለና አጠፋት። ቀና ሲል ጉሬዛው ዘሎ ሄዷል።

የሳቁባትን ግን ጫናት። ሳይቱ ሰውየው ፈቅዷል ወይ ብሎ ሲጠይቀው አዎ የምትለዋን ነካ። ፎቶው ስለምንድነው ሲለው ደግሞ አሰበ። ሌሎቹ ሻጮች ምን ብለው እንደሚጽፉ አይቷል። "ደስተኛ ደሃ ገበሬ" ብሎ ጻፈ።

ፎቶዋ ተሸጠች። ደግማ ተሸጠች። አንዱ ለመጽሔት፣ አንዱ ለቡና ማሸጊያ፣ አንዱ ለምን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም። ያ ኮት የሚያለብስበት ኮምፒውተር የተገዛው በአባባ ተረፈ ሳቅ ነው። ሸኮ ገበያ ውለው የሚመጡ ሰዎች፣ "አባባ ተረፈ ፎቶዬስ ብለውሃል" ሲሉት፣ "ቀለም አልቆብኝ ነው" ይላል። በሸኮ ሲያልፍ የሞተሩን ሄልሜት አያወልቅም።

አባባ ተረፈ አልነዘነዙትም። ለመጣ ለሄደው፣ "እኔ ፎቶዬ ሚዛን አለ፣ በኮት ነው የተነሳሁት" እያሉ ያወሩ ነበር አሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ቲቶ ፎቶ ቤቱን ሲከፍት ጥቁር የለበሰች ልጅ በሩ ላይ ቆማለች።

"ቲቶ አንተ ነህ ወንድሜ? የተረፈ ልጅ ነኝ፣ የሸኮው። ንጋቷ እባላለሁ።"

መጣችብኝ አለ ቲቶ በሆዱ፣ ገንዘቡን ሰምተው ነው።

"አባባ አርፈዋል" አለችው።

"እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አለ ቲቶ።

"አሜን። ለድንኳኑ ፎቶ ፈልገን ነው። የመታወቂያው ፊቱ ጠፍቷል፣ ሌላ የላቸውም። ታመው እያሉ እንኳን፣ ፎቶ ፍለጋ እንዳትንከራተቱ፣ ቲቶ ጋ አለ ይሉን ነበር። ነገ ማጽናኛ ፕሮግራም ነው፣ ከቴፒም ከማሻም ዘመድ ይመጣል። ያቺን በኮት የተነሷትን።"

ያኔ መናገር ይችል ነበር። ጠፍታብኛለች ቢል፣ ካርዱ ተበላሸ ቢል እንኳ ከዚህ ይሻል ነበር። አፉ ግን ቀደመው።

"አለች። በትልቁ አጥቤ ራሴ አመጣታለሁ።"

ልጅቷ እጁን በሁለት እጇ ያዘችና አመሰገነችው። ያ ምስጋና እጁ ላይ እንደ ሚጥሚጣ ሲያቃጥለው ዋለ።

ኮምፒውተሩን ከፍቶ የሳቁትን አባባ ተረፈን ከተቀደደው ሸሚዝ ቆርጦ አወጣቸው። ቡናማ ኮት ፈለገ፣ የለውም። ሰማያዊው ላይ ሰካቸው። አፋቸውን ሊገጥም ሞከረ፣ ሳቅ ግን አይገጠምም፣ ጭራሽ የሚያለቅሱ መሰሉ። ሚስቱ ሐሴት ምሳ ይዛ መጥታ ከኋላው ቆመች።

"ውይ! ይሄ ሰውዬ ሊያገባ ነው እንዴ?"

"ሞተዋል። ለለቅሶ ነው።"

"ውይ አፌን በቆረጠው! ታዲያ ክራቫቱን እንኳ አውጣላቸው እንጂ። የሸኮ ገበሬ በክራቫት?"

"በኮት ነው የተነሱት ብለው ነው የሚጠብቁት።"

"በኮት ከተነሱ ያቺኑ አታጥብም?"

ቲቶ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አልነቀለም።

"ቲቶ? ያቺን ምን አደረግካት?"

"እስቲ ተይኝ!" አላት። ጮሆባት አያውቅም ነበር። ሐሴት ምሳውን አስቀምጣ ወጣች።

ክራቫቱን አወጣላቸው። ያቺን ታህል ራራ።

በማግስቱ ፍሬም አስገብቶ፣ ሞተሩ ላይ በላስቲክ ጠቅልሎ አስሮ ሸኮ ደረሰ። መዘምራኑ ይዘምራሉ፣ ድንኳኑ ሞልቷል። ንጋቷ ሮጣ ተቀበለችውና ላስቲኩን ገፍፋ ምሰሶው ላይ ሰቀለችው። ሰዉ ተንጫጫ።

"ወይኔ ተረፈ! ሚኒስትር መስሎ!"

"እንደሳቀ ሄደ፣ እዩት!"

ከማሻ የመጣች የሟች እህት ግን እንባዋን እየጠረገች ጠጋ ብላ አየችው። "ይሄን ሱፍ መቼ ነው ያሰፋው? ካሰች፣ የተረፈ ኮት ቡናማ አልነበረም እንዴ?"

ዝማሬው ያኔ ነበር ያለቀው። ሰው ሁሉ ወደ እማማ ካሰች ዞረ። እማማ ካሰች ፎቶውን ብዙ አዩት። ቀጥሎ ቲቶን አዩት። ቲቶ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ይለው ነበር።

"የተረፈ ነው" አሉ እማማ ካሰች። "ለፎቶው ብሎ ነው የገዛው። እዚሁ ደጃፍ ነው የተነሳው፣ እኔ ነኝ የቆለፍኩለት።"

ሰዉ እህ ብሎ ተረጋጋ። ቲቶ አልተረጋጋም። ለቀስተኛው ትንሽ ቀለል ሲል እማማ ካሰች በዓይናቸው ጠቀሱትና ተከትሏቸው ወደ ጓሮ ዞረ። የቡናው አልጋ ላስቲክ ለብሶ ቆሟል።

"ቡናማውን ለብሶ ነው የቀበርነው" አሉት ቀስ ብለው። "ያኔም እኔ ነኝ የቆለፍኩለት፣ አሁንም እኔ ነኝ። ይሄኛው የማን ኮት ነው?"

"የ... የኮምፒውተር ነው እማማ።"

"ባለቤት የለውም?"

"የለውም።"

"ተረፈ የሰው ልብስ ለብሶ አያውቅም። ለሰርጋችን ቀን ተዋስ ሲሉት እንኳ በአሮጌው ነው የመጣው። ዛሬ በገዛ ለቅሶው የሰው ኮት አለበስከው። እኔንም በዘመድ ፊት አስዋሸኸኝ።" ድንኳኑን ዞር ብለው አዩ። "ያቺኛዋስ?"

"አጠፋኋት እማማ። ዛፍ ላይ ጉሬዛ አይቼ... ለሱ ቦታ አጥቼ።"

"ለጉሬዛ?"

"አዎ።"

"ጉሬዛውስ ወጣልህ?"

"አልወጣም። ዘሎ ሄደ።"

እማማ ካሰች ሊስቁ ነው ሊያለቅሱ አልታወቀም፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ቲቶ ከዚህ በኋላ የሚደብቀው አላገኘም። ስልኩን አውጥቶ ያቺን የተቀደደ ሸሚዝ ያለባትን ፎቶ አሳያቸው፣ እንዴት እንደሸጣት፣ የት የት እንደሄደች ሁሉንም ነገራቸው።

"እኔን ነው አውጥቶ መሸጥ ብሎህ ነበር እኮ" አሉ እማማ ካሰች ስልኩን ለራሳቸው አስጠግተው። "ከውስጥ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። አንተ ደግሞ የምርህን ሸጥከው?"

"ይቅር ይበሉኝ እማማ።"

"ስሙን ጽፈህበታል? የሚገዙት ሰዎች ተረፈ መሆኑን ያውቃሉ?"

"ስም አይጠይቁም።"

"ታዲያ ምን ብለህ ጻፍክበት?"

ገበሬ ብዬ ሊል አፉን ከፈተ። ግማሽ እውነት ነው፣ ያልፍ ነበር። ግን እማማ ካሰች ቅድም ለሱ ብለው የዋሹት ውሸት ገና እዚያው ድንኳን ውስጥ አለ። ሌላ መጨመር አቃተው።

"ደስተኛ ደሃ ገበሬ ብዬ።"

እማማ ካሰች እጃቸውን የአልጋው ላስቲክ ላይ አሳረፉ። "ደሃ?" አሉ። "ይሄን ሁሉ ቡና እያየህ? አምስት ልጅ ያስተማረውን ሰው?"

"ደሃ ካልተባለ አይገዙም እማማ።"

"እህ። እሱ ሳይደኸይ አንተ አደኸየኸው ማለት ነው።" ነጠላቸውን አስተካክለው ለመሄድ ተነሱ። ከዚያ ዞር አሉና፣ "ይቺን ከነሸሚዟ አጥበህ አምጣልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እንዳትለኝ። አምጣ ብቻ" አሉት።

ለቅሶ ቤት ነውና ሳይበላ አይሄድም፣ ንጋቷ ምግብ አቀረበችለት። ጎረሰ። ምሰሶው ላይ አባባ ተረፈ በሰማያዊ ሱፍ ሆነው ይስቁበታል።

ወጥቶ ኔትወርክ ያለበት ዳገት ላይ ሲደርስ ሞተሩን አቆመ። ፎቶዋን ከሳይቱ ላይ አወረዳት። ሳይቱ ግን እስከ ዛሬ የገዟት ሰዎች እንደፈለጉ ይጠቀሙባታል አለው። አታልቅም ያለው ልጅ ልክ ነበር፣ አታልቅም። የትም አገር፣ ስማቸውን በማያውቅ ሰው እጅ፣ አባባ ተረፈ ደሃ እንደሆኑ ይቀራሉ።

በማግስቱ አጥቦ ይዞ ሄደ። ድንኳኑ ፈርሷል። እማማ ካሰች ፎቶዋን ተቀብለው የተቀደደውን ትከሻ በጣታቸው ዳሰስ አደረጉ። "ይሄን ስፊልኝ ሲለኝ ነገ ነገ ስለው ቀረ" አሉ። ከዚያ ወደ ጓዳ ይዘዋት ገቡና መኝታቸው ጋ አቆሟት። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰማያዊው ነው።

"እማማ፣ ይሄኛውን ላውርደው?"

"ተወው። ከማሻ ሲመጡ ምን ልላቸው ነው? የሱ ነው ብያለሁ እኮ።" ውሃ ቀድተው ሰጡት። "ተቀመጥ እንጂ።"

ተቀመጠ። ሌላ ወንበር አልነበረም፣ በትክክል ከፎቶው ስር ነው የተቀመጠው። ብርጭቆውን ሲያነሳ እንኳ ቀና ማለት አልቻለም።