ውኃውን የሚስበው አለቃ

ባልንጀራዬ ግንበኛ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል። ወለሉ እኩል መሆኑን የምናየው ውኃ በተሞላ ረጅም ቱቦ ነው። አንደኛው ሰው የቱቦውን አንድ ጫፍ የውኃ በርሜል ውስጥ ይይዛል፤ ሌላው ቱቦው እንዲሞላ በሌላው ጫፍ ውኃውን በአፉ ይስባል። የሚስበው አለቃው ነው፤ መሳብ ያቃተው አለቃ አይባልም። እሱ ይስባል፣ እኔ እይዛለሁ።

ሲጋራ አቁሞ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ያዘ። «ጭስ የለውም፤ እንፋሎት ነው» ይለኝ ነበር። በዓመቱ ውኃው ቱቦው መሃል እየደረሰ ይመለስ ጀመር።

«ቱቦው ተቀዷል» አለኝ። አዲስ ገዛን። «ይኸም ተቀዷል» አለ። ሦስተኛውን ሲስብ ሳል ይዞት ብሎኬት ላይ ቁጭ አለ። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት።

ነርሷ ደረቱን አዳምጣ፣ «አባባ፣ ያጨሳሉ?» አለችው።

«አላጨስም፤ እንፋሎት ነው የምስበው።»

«እንፋሎቱ ውስጥ ኒኮቲን አለ፤ ሳንባዎንም ያስቆጣዋል። ይተዉት።»

«የማንጎ ነው እኮ!»

«እንግዲያው ማንጎ ይብሉ።»

በማግስቱ ሥራ ቦታ ስንደርስ የቱቦውን ጫፍ በመሐረቡ ጠርጎ ሰጠኝና በርሜሉ ጋ ቁጢጥ አለ። እኔም ሳብኩ።

ውኃው ሲመጣ፣ «አለቃ፣ ከየትኛው ጥግ እንጀምር?» ብሎ ጠየቀኝ።