ሰላምታው ይቆረጥ

የፊዚክስ መምህራችን ሁለት የሬዲዮ መገናኛዎች በካርቶን አሽጎ ከሚሴ የገባበት ክረምት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ስለዚያ ክረምት ሰው ሲጠይቀኝ እየሳቅኩ ነው የማወራው። ሽቦ ዛፍ ላይ ስለመወርወራችን፣ ማሽላ ውስጥ ስለመጥፋታችን አውርቼ፣ አድማጩ በሳቅ ሲፈርስ ወሬ እቀይራለሁ። የቀረውን ለማንም ጨርሼ አላውቅም።

ያኔ ሞባይል በወሬ እንጂ በዓይን አይታወቅም። የመስመር ስልክም ቢሆን ስልክ ቤትና ጥቂት ነጋዴዎች ዘንድ ብቻ ነበር። መምህራችን ዩኒቨርሲቲ ሳለ፣ ለደስታቸው ብለው ከማያውቁት ሰው ጋር በሬዲዮ የሚጨዋወቱ ሰዎች በየአገሩ እንዳሉ ሰምቶ ልቡ እዚያ ቀርቷል። ስንት ደጅ ጠንቶ፣ ስንት ፊርማ ለምኖ፣ ለተማሪዎች የክረምት ልምምድ የሚሆን ፈቃድ አወጣ። ችኩል ሰው ነው። ሲናገር ይቸኩላል፣ ሲሄድ ይቸኩላል፣ ዝናብ እየመታውም ጃንጥላ ለመዘርጋት ጊዜ የለውም። እኛ ትምህርት የተዘጋብን፣ ሥራ የፈታን ተማሪዎች ከኋላው ተግተልትለን ክበብ ሆንን።

የቤታችንን ጉዳይ እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። እናቴና አክስቴ አይነጋገሩም ነበር፤ የጠባቸውም ምክንያት እኔ ነኝ። አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናት። አላህ ልጅ ስላልሰጣት፣ ጡት እንደተውኩ እናቴ ለእሷ ሰጠችኝ። ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ወዳለው መንደሯ ወስዳ እንደ ልጇ አሳደገችኝ። ለትምህርት ስደርስ ግን እናቴ ወጥታ፣ «እዚህ ትምህርት ቤት የለም፣ ልጄን መልሺልኝ» አለቻት። አክስቴ በንዴት፣ «የሰጠሽውን የምትነጥቂ ከሆነ ዓይንሽን አያሳየኝ» ብላ ተናገረች። እናቴም ቃሉን ያዘች። ከዚያ ወዲህ አንዷ ሠርግ ላይ ካለች ሌላዋ ትቀራለች። ሽማግሌ ገባ፣ ሼሆች ገቡ፤ ሁለቱም «እሷ ትጀምር» ብለው ድርቅ አሉ። እኔም ተራራው ላይ እንዳልወጣ ተከለከልኩ። ያሳደገችኝን ሴት ከስር ሆኜ፣ የመንደሯን ጭስ እያየሁ ኖርኩ። እናደድባቸው ነበር፤ ዛሬም እናደድባቸዋለሁ።

የክረምቱ መጀመሪያ ሁሉ ጨዋታ ነበር። አንዳችን አንዱን ሬዲዮ ይዞ ጨፋ ሜዳ ዳር ካለው ማሽላ ውስጥ ይደበቃል፤ የቀሩት በሌላው ሬዲዮ እያዳመጡ ይፈልጋሉ። ሬዲዮውን ደረትህ ላይ ለጥፈህ በዝግታ ትዞራለህ። ድምፁ የደከመበት ጊዜ የተደበቀው ሰው በጀርባህ በኩል ነው፤ ገላህ ከልሎታል። ትልቅ ጥበብ ነበር፣ ማሽላ የሚያርሙት ገበሬዎች ባይኖሩ። ሲሽከረከሩ የሚውሉ ልጆች አይተው ዝም አይሉም።

«አካም ጅርቱ! ምን ጠፋባችሁ? ጥጃ ነው?»

«አይ፣ ሰው ነው የምንፈልገው።»

«ያ ቀይ ሹራብ የለበሰው? እዚያ ጋ ተጋድሟል። ቅድም ከእኛ ውሃ ጠጥቶ ነው የሄደው።»

መምህሩ ይቆጣል፣ እኛ እንስቃለን። በሌላ ቀን ደግሞ ገመድ ድንጋይ ላይ አስረን ወደ ዛፍ እንወረውርና በገመዱ የአንቴናውን ሽቦ እንጎትታለን። ድንጋዩ እየተመለሰ ስንቱን አባሯል መሰላችሁ። ነጎድጓድ ሲሰማ ሽቦውን ማውረድ ግዴታ ስለሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ሰቅለን ሳንጨርስ እናወርደው ነበር።

ሐምሌ እየገፋ ሲሄድ መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ ወንዙም ሞላ። የተራራው ሰው ለገበያ መውረድ አቃተው። መምህሩ ይህን ሲያይ አንድ ሐሳብ መጣለት። «ልምምዳችን ለሰው ይጥቀም» አለ። በገበያ ቀን አንዱ ሬዲዮ ተራራው ላይ ይሆናል፣ ሌላው ትምህርት ቤቱ አጥር አጠገብ፤ ከላይ መልእክት ያለው ሰው ይልካል፣ እኛ ተቀብለን ገበያው ውስጥ ላለው ዘመዱ እናደርሳለን። ባትሪው የሞተር ሳይክል ባትሪ ነው፤ ከተማ ውስጥ ይሞላና በአህያ ይወጣል። የላዩ ጣቢያ «ተራራ»፣ የታቹ «ከተማ» ተባለ። እናቴ ስለከለከለችኝ እኔ ከተማ ላይ ቀረሁ።

የመጀመሪያው ቀን መልእክት ላኪ አንድ ሐጂ ነበሩ። አዝራሩን ተጭነው እንዲናገሩ፣ ሲጨርሱ እንዲለቁ ተነግሯቸዋል። ተጫኑት፤ መልቀቁን ግን ረሱ።

«አሰላሙ አለይኩም! ነጋያ ናችሁ ወይ? ልጆቹ ሰላም ናቸው? ከብቱ ሰላም ነው? ጎረቤቱስ? ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል? አዝመራው ደህና ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን… ምነው ዝም አላችሁ? ሰላምታ አትመልሱም እንዴ!»

እኛ ከስር እየጮህን እንመልሳለን፤ እሳቸው አዝራሩን ስለያዙት አይሰሙም። ተቀይመው ሰላምታውን ከመጀመሪያው ጀመሩት። ባትሪው እሳቸው ወደ ጉዳያቸው ሳይገቡ ሞተ። ጉዳያቸው በኋላ ነው የታወቀው፤ በሬያቸው ታሞ፣ ልጃቸው መድኃኒት ይዞ እንዲመጣ ፈልገው ነበር።

መምህሩ ራሱን ያዘ። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ደንብ አወጣ። «ከእንግዲህ ሰላምታው ይቆረጥ። ላኪው የፈለገውን ያህል ይናገር፤ ከተራራው ላይ የምታስተላልፉት እናንተ ናችሁ። ጉዳዩን ብቻ ለዩ። የቀረውን ሰላምታና ምርቃት ሁሉ ‹ሰላምታ› በሚል አንድ ቃል አስገቡት» አለ።

አጨበጨብን። እኔማ ከሁሉም በላይ ነው ያጨበጨብኩት፤ ረዥም ሰላምታ ያሰለቸኝ ነበር። መምህሩ የአገሩ ሰው ስላልሆነ አልፈርድበትም። እኛ ግን የአገሩ ልጆች ነበርን። በእኛ ዘንድ ሰው ከደጅ ገብቶ «ታምሜአለሁ» አይልም። እየሞተም ቢሆን በመጀመሪያ «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ነው የሚለው። የመጣበት ነገር ከኋላ ነው የሚመጣው፣ ያውም ከምርቃቱ ጋር ተቀላቅሎ፣ እንደ ዋዛ። ይህንን ሳንማር የምናውቀው ሰዎች፣ ሬዲዮ ስለጨበጥን ብቻ ረሳነው።

ደንቡ ግን ሠራ። በአንድ ባትሪ የመንደሩ መልእክት ሁሉ ያልቅ ጀመር። «ጨው ላኩ። ሰላምታ።» «ላሟ ወለደች። ሰላምታ።» ፈጣኖች ሆንን፤ መምህሩም ደስ አለው። እኔም መልእክቱን አፌ ላይ ይዤ ገበያውን ሰንጥቄ ስሮጥ ሰው መንገድ ይለቅልኝ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን፣ ከሰዓት በፊት፣ የክፍሌ ልጅ ከላይ ጠራኝ። የሰንበቴ ከተማ ልጅ ነው፤ ዘመድ ቤት ተቀምጦ ነበር ከእኛ ጋር የሚማረው። የቤታችንን ጠብ አያውቅም።

«ከተማ፣ ከተማ፣ ተራራ ነኝ።»

«ተራራ፣ ከተማ ነኝ፤ እሰማለሁ።»

«መልእክቱ ለእናትሽ ነው። ከእህቷ። ደህና ነኝ። ሰላምታ። ጨርሻለሁ፣ ተቀበይ።»

ጆሮዬን አላመንኩም። አስደገምኩት። ከእህቷ። ከዚያ መሬት መርገጤን ሳላውቅ ሮጥኩ። በመጨረሻ አንዷ ጀመረች፣ ጠቡ አለቀ፣ ተራራው ላይ እወጣለሁ እያልኩ ነበር። እናቴ በርበሬና ጨው ከምትሸጥበት መደብ ላይ ተቀምጣ ደረስኩባት።

«አክስቴ ላከችብሽ!»

እጇ ሚዛኑ ላይ ቀረ። ፊቷ ሲፈታ በዓይኔ አየሁት። «ምን አለች?»

«ደህና ነኝ። ሰላምታ።»

ቀጥዬ እንድናገር ጠበቀችኝ። «ሌላስ?»

«ይኸው ነው።»

የተፈታው ፊቷ መልሶ ታሰረ። «ደህና ነኝ? ይህን ሁሉ ዓመት ዘግታኝ፣ ያለ እኔ ደህና መሆኗን ልትነግረኝ ነው የላከችው?» አለችና ወደ በርበሬዋ ዞረች።

«ምላሹን እየጠበቁ ነው።»

«ምላሽ የለኝም በያት።»

ተመለስኩ። ተናድጄ፣ ግን መምህሩ አጠገቤ ስለቆመ ድምፄን አስተካክዬ፣ ደንቡ እንደሚለው አጭርና ጥርት አድርጌ፣ «ተራራ፣ ከተማ ነኝ። ምላሽ የለም። ጨርሻለሁ» አልኩ። መምህሩ በጣም ጥሩ ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ነሐሴ ሳያልቅ፣ ገና ሳይነጋጋ፣ ሽማግሌዎች በራችንን አንኳኩ። እናቴ በዚያ ሰዓት ሲመጡ ስታይ ምንም ሳይሏት ገባት። በጭቃው እየወደቅን እየተነሣን ተራራውን ወጣን። ስንደርስ ወንዶቹ ቀብረው እየተመለሱ ነው። ቤቱ በሴቶች ሞልቷል። አክስቴ ትተኛበት የነበረው መደብ ላይ ቁርበቱ ተጠቅልሎ ቆሟል።

ያስታመመቻት ጎረቤቷ ናት። ሴትየዋ እናቴን አቅፋ ካለቀሰች በኋላ፣ ቅያሜ ባለው ድምፅ ተናገረች። «በሆዷ ሕመም ነው የከረመችው፤ ለማንም አትናገሩ ብላን። ያን ቀን እኔ ነኝ ደግፌ ሬዲዮው ያለበት ዛፍ ሥር ያደረስኳት። ‹ነጋያ ነሽ ወይ እህቴ፣ እኔ ደህና ነኝ አልሐምዱሊላህ፣ ልጅቷ ደህና ናት? ገበያውስ ደህና ነው?› አለች። ከዚያ ‹ያን ቀን ለተናገርኩሽ አፉ በይኝ፤ እኔም አፉ ብዬሻለሁ› አለች። እንዲህ ብላ ልካብሽ፣ ልጁ በኋላ እንደነገረኝ፣ ምላሽ የለኝም ትያለሽ? ወላሂ አዘንኩብሽ።»

አፉ በይኝ፤ ይቅር በይኝ። እኛ ዘንድ መንገድ የሚሄድም ይለዋል፣ ጾም የሚይዝም፣ ሞት የሸተተውም። የተራራው ሰው ሁሉ መልእክቱን የሚዘጋው በዚሁ ነበር። የሰንበቴው ልጅ በኋላ ሄጄ ስጠይቀው አልካደም። «አፉ በሉኝ ያላለ ላኪ አለ እንዴ? ሰላምታ ውስጥ አስገባሁት» አለኝ። ለምን እንደጠየቅኩት ስነግረው ግንባሩን ይዞ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ። ምን ልለው እችላለሁ? ደንቡን ያከበረ ልጅ ነው፤ እኔም እሱ ቦታ ብሆን አደርገው ነበር።

ለቅሶው ቤት ግን እናቴ ዞር ብላ እኔን አየችኝ።

«አፉ ብላኝ ነበር?»

«እኔ ዘንድ አልደረሰም እማ። ደህና ነኝ ብቻ ነው የደረሰኝ።»

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ መደቡ ሄዳ በጉልበቷ ተንበረከከች፣ እጇንም የተጠቀለለው ቁርበት ላይ አደረገች። ስትጣላት የተወችውን የታላቅነት ስም በስንት ዓመቷ አወጣችው። «እታለም፣ አፉ ብዬሻለሁ። እታለም፣ አፉ ብዬሻለሁ» እያለች ደጋገመች። ሴቶቹ «አብሽሪ፣ አላህ ሰምቶሻል» እያሉ ሊያነሷት ቢሞክሩ አልነሣ አለች።

መምህሩ በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ደረሰ፤ ነገሩን ሰምቶ ነበር። ራሱን አቀርቅሮ ተቀመጠ። እናቴ «አንተ ምን አደረግህ ልጄ፣ እኛው ነን» ብላ እህል እንዲቀምስ ለመነችው። ሬዲዮዎቹን በካርቶናቸው መለሳቸው። በዓመቱ ወደ አገሩ ተዛወረ፣ ክበቡም በዚያው ፈረሰ። ዛሬ ሰዎች በየተራራው በሞባይል ሲያወሩ ሳይ፣ እነዚያ ሁለት ሴቶች ይህ ቢደርስላቸው ኖሮ እላለሁ። መልሼ ደግሞ፣ ከከሚሴ እስከ ተራራው ያለ የእግር መንገድ ብቻ ነው የለያቸው፤ ምን ሞባይል ያስፈልጋቸው ነበር እላለሁ።

ሰልስቱ አልቆ ስንወርድ ጎረቤቷ ሴትዮ ለብቻዬ ወደ ጎን ሳበችኝ። ቅያሜዋ በርዶላታል። የነገረችኝን ለእናቴ ለመንገር ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘግቻለሁ።

«ያን ቀን፣ ከስር ምላሹ ሲመጣ፣ ልጁ ዕቃውን ጆሮዋ ላይ አደረገላት» አለችኝ። «መስማቷ ደክሞ ስለነበር ቃሉን አልያዘችውም። ድምፅሽን ግን ለየችው። ‹የኔ ልጅ ናት!› አለችኝ። ምን አለችሽ ስላት፣ ‹እንጃ፣ ብቻ መለሰችልኝ› እያለች፣ እስከ ቤት ድረስ ስትስቅ ነው ያወረድኳት።»