ዘጠኝ ቁጥሩ አያልፍም!
የድሮ ስመ ጥር ኳስ ተጫዋቾች ለትምህርት ቤታችን ማሠሪያ ገቢ ሊያሰባስቡ ዓለም ከተማ መጥተው ከእኛ ከመምህራኑ ጋር ተጋጠሙ። አሠልጣኛችን "ዘጠኝ ቁጥሩን አጥቂ አንተ ያዘው" አለኝ። ዝናውን በሬዲዮ ሰምቻለሁ እንጂ መልኩን አይቼ አላውቅም፤ ብሞት አላሳልፈውም ብዬ ማልኩ።

ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምሮ እንደ መዥገር ተጣበቅኩበት። ውሃ ሊጠጣ ሲወጣ እንኳ ተከተልኩት።

"ወንድሜ፣ ምን አደረግኩህ?" አለኝ እያለከለከ።

"ምንም አላደረጉኝም ጋሼ፤ ግን አያልፉም!"

እውነትም አንድ ኳስ በቅጡ ሳይነካ ጨዋታው አለቀ። ኮራ ብዬ ጨበጥኩትና "እርስዎን ማቆሜን ለልጅ ልጅ እነግራለሁ" አልኩት።

ላቡን እየጠረገ ሳቀ። "አጥቂውማ የጀማ ሸለቆ ጠመዝማዛ መንገድ ራሱን አዙሮት አውቶቡስ ውስጥ ተኝቷል። ሰው ሲጎድል ማሊያውን አለበሱኝ እንጂ፣ እኔ ሹፌራቸው ነኝ።"