ከጆንያ ስር ላለ ሰው የቀረበ ጥያቄ

ትናንት ጠዋት ከሚዛን ወደ ሸዋ ቤንች በሚወስደው መንገድ በሰልፍ እየሮጥን ነበር። ሃያ የምንሆን ወንዶች... ሁላችንም ጥቁር ካናቴራ፣ ከፊት ደግሞ ፊሽካውን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው አሠልጣኛችን። «ኮች» ነው የምንለው።

መጀመሪያ ስለ ቡድኑ ልንገራችሁ። እኔ ሞባይል ጠጋኝ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ አጎንብሼ ነው የምውለው። ወገቤ አላስቀምጥ ሲለኝ ሐኪሙ «ተንቀሳቀስ» አለኝ። ቆርቆሮ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው ክብደት የሚያነሱ የሰፈር ልጆች ነበሩና ተቀላቀልኳቸው። ደስ ይል ነበር። እንቀላለዳለን፣ ላባችንን ጠርገን ወደየሥራችን እንበተናለን።

ከዚያ ኮች መጣ። ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ያቋረጠ፣ ሰውነቱ ግንድ የሚያህል ልጅ ነው። ማሠልጠኑንማ ይችልበታል፤ አልዋሽም። ግን እየቆየ ከፑሽ አፑ ንግግሩ በለጠ። «ወንድ ልጅ ጡንቻ የሚያወጣው ለመስታወት አይደለም፤ መሬቱን ለማስከበር ነው!» ይላል። አብረውን ይሠሩ የነበሩትን ሁለት ሴቶች «ቡድኑን ያላላሉ» ብሎ አስወጣቸው። ቀጥሎ «የአገሩ ልጅ» እና «መጤ» የሚል ነገር መጣ።

የኔ እናት የአገሩ ልጅ፣ ቤንች ናት። አባቴ ደግሞ ከሰሜን ለአስተማሪነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። አንድ ቀን በሁሉም ፊት «እኔን ታዲያ ለሁለት ልትቆርጠኝ ነው?» አልኩት። «አንተማ በእናትህ የኛ ነህ» ብሎ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ወደ ትናንቱ ልመለስ። ኩርባውን ስንዞር ቡና የጫነ አይሱዙ ቦይ ውስጥ በጎኑ ተኝቷል። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ መንገዱ ሳሙና ሆኗል። ሹፌሩ ግንባሩ እየደማ ወደኛ ሮጠ።

«ወንድሞቼ! በፈጠራችሁ! ረዳቴ ጆንያው ስር ነው!»

እውነትም ሰውየው ከወገቡ በታች አይታይም። ጢሙ መሸበት የጀመረ ሰው ነው። በእጁ ጭቃውን ይቧጥጣል።

በልቤ ተመስገን አልኩ። ይሄ ሁሉ ጉልበተኛ ባለበት! እግዜር ራሱ ነው ያመጣን አልኩ። ከፊት የነበረው ልጅ አንዱን ጆንያ ብድግ አደረገው።

ፊሽካ ተነፋ።

«ቆይ!» አለ ኮች። ወደ ሹፌሩ ዞረና «ሰውየው የኛ ነው ወይስ መጤ?»

ሹፌሩ አልገባውም። እኔም ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ጆንያውን ያነሳው ልጅ... መልሶ አስቀመጠው። ሰውየው ላይ! ያውም ቀስ አድርጎ፣ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው።

ከስር ድምፅ መጣ። ሰምቷል ለካ።

«የናንተው ነኝ...»

ኮች ቁጢጥ ብሎ በቤንችኛ «የማን ልጅ ነህ?» አለው። ሰውየው ቤንችኛ አይችልም። ዓይኑ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ይሮጣል። ምን ብላቸው ያወጡኛል የሚል ዓይን ነው።

«ቤንች ነኝ... ካፋ ነኝ... ሸኮ ነኝ... የፈለጋችሁትን ነኝ ጋሼ፣ ብቻ አውጡኝ!»

ጋሼ! ልጁ ሊሆን የሚችለውን ጎረምሳ እኮ ነው ጋሼ የሚለው።

ደሜ ፈላ። «ያን ሁሉ ሲሚንቶ ስታነሱ የከረማችሁት ለዚች ቀን ካልሆነ ለመቼ ነው?!» ብዬ ጮህኩባቸው። ኮች ቀና ብሎ አየኝ።

«ያባትህ ደም ሳበህ አይደል?»

ትቼው ጎንበስ አልኩ። ጆንያ ያዝኩ። ለብቻዬ ንቅንቅ አልል አለኝ።

ይሄኔ ጎደሬ ተሸክመው ገበያ የሚሄዱ ሴቶች ደረሱ። ማንም ምንም አላላቸውም። ሸክማቸውን ጭቃው ላይ ጥለው ገቡበት። አንዷ እናት የኔን ጆንያ በሌላው ጫፍ ያዘችና በቤንችኛ «እነዚህ ወንዶች ቆመው ምን ያያሉ?» አለች። ይህን ስትል ከቡድኑ ሁለት ልጆች አንገታቸውን ደፍተው መጡ። የቀሩትን ኮች ፊሽካውን ነፍቶ ይዟቸው ሄደ።

እየሮጡ ምን ሲሉ እንደነበር ታውቃላችሁ? «ጉልበታችን... ለወገናችን! ጉልበታችን... ለወገናችን!»

ሰውየውን ጎትተን አወጣነው። እግሩ ተሰብሯል፤ ነፍሱ ግን ተርፋለች።

ከሰዓት ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኩት። ሹፌሩ አጠገቡ ነበር። ካርድ የምትሞላው ነርስ «ከየት ነው የመጡት አባቴ?» አለችው። አድራሻውን ነው የጠየቀችው፣ ሌላ አይደለም። ሰውየው በሩን አየ። ከዚያ ወደ ሹፌሩ ዞሮ በሹክሹክታ «ምን ልበላት?» አለው።

እዚያ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ወጣሁ።

ዛሬ ደግሞ ኮች ሱቄ ድረስ መጣ። ይቅርታ ሊል መስሎኝ... የዋህ ነኝ።

«በልጆቹ ፊት አዋረድከኝ» አለኝ።

«ሰው እየሞተ እኮ ነበር!»

«አናነሳም መች አልን? አጣራን እንጂ!»

አጣራን! የምበይድበትን የጋለ ካውያ ቶሎ አስቀመጥኩት፤ እጄ ላይ ቢቆይ የት እንደማሳርፈው አላውቅም ነበር። «ውጣልኝ!» አልኩት። ጎረቤት እስኪሰማ ነው የጮህኩት። ትከሻውን እያወዛወዘ፣ እየሳቀ ወጣ። ነገም ጠዋት በዚያው መንገድ ይሮጣሉ... ከነፊሽካቸው።

ይሁን። እሱ አጣራሁ ብሏል... እኔም ማን እንደሆነ አጣርቼ ጨርሻለሁ።