አራት ላይ የቆመው ቁጥር

ሮቤ በፕሮግራመርነት ሥራ የጀመርኩ ቀን ዶክተር ግርማ ወንበር እንኳ አላሳየኝም። የእንስሳት ክትባት መጋዘኑ ኃላፊ እሱ ነበር። ከጎባ ሚኒባስ እንደወረድኩ በቀጥታ ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል ወሰደኝና፣ «ክትባት ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። ከዚያ ካለፈ ውኃ በይው። የዚህን ክፍል ሙቀት ቢሮ ኮምፒውተር ላይ አምጪልኝ» አለኝ።

እስከዚያ ድረስ ሙቀቱን የሚከታተሉት የመጋዘኑ ሠራተኛ ኦቦ አማን ነበሩ። ጠዋትና ማታ፣ ቅዳሜና እሑድም ሳይቀር፣ ቴርሞሜትር አንብበው ደብተር ላይ ይጽፋሉ። አራት፣ አራት፣ አራት። «እጅዎ አይደክምም?» እያልኩ እቀልድባቸው ነበር። ያኔ ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

ፕሮግራሙን መጀመሪያ በለመድኩት መንገድ ጻፍኩት። ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቁጥር ለብቻ፣ ሙቀቱ ደህና ሲሆን አረንጓዴ የሚሆነውን ቀለም ለብቻ፣ ደወሉን ለብቻ አዝዛለሁ። ታዲያ አንዱን ስጠራ ሌላው ይረሳል፤ ሙቀቱ ዘጠኝ ብሎ ቀለሙ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ስበሳጭ አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ በፍላሽ አንድ ላይብረሪ፣ ማለትም የተዘጋጀ የፕሮግራም ኮድ ስብስብ፣ ላከችልኝ። ሪአክቲቭ ይሉታል።

ሐሳቡን ወደድኩት። ማቀዝቀዣው ውስጥ ካስቀመጥኩት የሙቀት መለኪያ ሴንሰር የሚመጣውን ሙቀት እንደ ቦይ ውኃ ታፈስሰዋለህ፤ ቁጥሩ፣ ቀለሙ፣ ደወሉና መዝገብ ፋይሉ ከዚያው ቦይ ይጠጣሉ። አዲስ ቁጥር ሲመጣ ሁሉም ራሳቸው ይለወጣሉ። ለመልመድ ግን አስለቅሶኛል። ዳታ መቀበሉን ስክሪኑን ከመሳሉ መለየት እንዳለብኝ ስላላወቅሁ የፕሮግራሙ መስኮት ሁለት ቀን ሙሉ እየደረቀ አስቸገረኝ። በሲዲኤምኤ ኢንተርኔት አንድ ገጽ እስኪከፈት ጎባ ደርሶ መመለስ ይቻላል።

ሲሠራልኝ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ሴንሰሩ በየሰከንዱ አራት፣ አራት እያለ ይልካል፤ ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ፋይሉ ያብጣል። ላይብረሪው ለዚህ የተዘጋጀ ትእዛዝ አለው፦ ከቀድሞው የተለየ ቁጥር ካልመጣ አታሳልፍ። አንድ መስመር ጨመርኩ። ስክሪኑ ረጋ፣ ፋይሉም ቀለለ። በራሴ ኮራሁ።

ዶክተር ግርማም ደስ አለው። «ከስምንት ካለፈ ደወሉ ይጮኻል፣ ዘበኛው ይሰማል» አልኩት። ኦቦ አማን ቅዳሜና እሑድ ቤታቸው እንዲያርፉ ተወሰነ። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ዲንሾ ላይ የበግ ፈንጣጣ ክትባት ሊሰጥ ነበር። በሽታው አጎራባች ቀበሌ ገብቷል፤ ገበሬው በጎቹን ነድቶ እየመጣ ነው። መኪናው በር ላይ ቆሟል። ስክሪኑ አረንጓዴ ነው፤ አራት ይላል።

ኦቦ አማን የማቀዝቀዣውን በር ከፍተው ወዲያው ተመለሱ። «ዘይነባ፣ ነይ እስቲ። ብልቃጡ ስይዘው አይቀዘቅዝም።»

ቴርሞሜትሩ አሥራ አምስት ይላል። የማቀዝቀዣው ብሬከር ወርዷል። ሴንሰሩን የሰካሁት ከዚያው መስመር ላይ ስለነበር አብሮ ጠፍቷል። ኮምፒውተሩ በሌላ መስመር ነው፤ አዲስ ቁጥር ስላልመጣለት የመጨረሻውን አራት ይዞ ቁጭ ብሏል።

«እኛ ጋ መንገደኛ ሲገባ ኦዱ ይጠየቃል» አሉ ኦቦ አማን። «ወሬ ባይኖረው እንኳ ‹ነጋ፣ ሰላም ነው› ይላል። ዝም ካለ እንደነግጣለን። ያንቺን ማሽን ማን ዝም በል አለው?»

«እኔ» አልኳቸው።

ዶክተር ግርማ ገባ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የጠፋው? ዛሬ ጠዋት ከሆነ ክትባቱ ይተርፋል፤ እንሄዳለን። ፋይሉን እዪ።»

ፋይሉን ከፈትኩ። የመጨረሻው መስመር የዓርብ ነው፦ አራት። ከዚያ በኋላ ባዶ። ሙቀቱ አራት ላይ ቢረጋም ባዶ ነው፤ ሴንሰሩ ቢሞትም ባዶ ነው። ሁለቱን የሚለየውን ነገር በዚያች በአንድ መስመር አጥፍቼዋለሁ።

«ዘይነባ፣ መልሺልኝ እንጂ!»

ዛሬ ጠዋት ነው ብል የሚያጋልጠኝ አልነበረም። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ይህን ስጽፍ ዛሬም አፍራለሁ።

«አላውቅም» አልኩ። «እንዳይታወቅ ያደረግሁትም እኔ ነኝ።»

ዶክተሩ ብልቃጦቹ በሙሉ እንዲወገዱ አዘዘና፣ «ነይ መኪናው ውስጥ ግቢ፤ ለሰዉ የምትነግሪው አንቺ ነሽ» አለኝ።

ዲንሾ ስንደርስ ሜዳው በግ ሞልቶታል። የሆነውን በኦሮምኛም በአማርኛም ተናገርኩ። አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ቀረቡ።

«እንግዲያ መቼ ትመለሳላችሁ?»

«ሌላ ክትባት ሲመጣ፣ አባቴ።»

«በሽታውስ እስከዚያ ይጠብቀናል?»

ገበሬዎቹ በጎቻቸውን ሰብስበው ተመለሱ።

አዲሱ ክትባት ከሦስት ሳምንት በኋላ ደረሰ። ሽማግሌው ያን ቀንም መጡ፤ በእጃቸው የያዙት ግን በትር ብቻ ነበር፤ የሚነዱት በግ አልነበረም። «የሌሎቹ በጎች እንዲከተቡ ላግዝ ብዬ ነው» አሉኝና በግ ሊይዙ ገቡ።

ከዚያ ወዲህ በጻፍኩት ፕሮግራም ሁሉ ከቁጥሩ አጠገብ ቁጥሩ የመጣበት ሰዓት ይታያል፤ ሴንሰሩ አንድ ደቂቃ ዝም ካለም ደወሉ ይጮኻል። ይህን ላይብረሪ ለምትጀምሩ የምለው ይኸው ነው፦ ተደጋጋሚውን ቁጥር ከመዝለላችሁ በፊት፣ ምንም ሳይመጣ ሲቀር ስክሪናችሁ ምን እንደሚያሳይ የሴንሰሩን ሽቦ ነቅላችሁ እዩ።