ሁለተኛው ዐይን

ዐይኑ የደከመ ሰው አይወቀስም፤ ድካሙን ሸሽጎ በሰው ዐይን የሚሠራ ግን ወቀሳው የብቻው ነው።

ምስል መርማሪዋ በሰማይ ጥናት ክፍሉ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግላለች። እጅግ ሩቅ ከሆኑ ጋላክሲዎች የሚመጣ ብርሃን በመንገዱ እየተለጠጠ ዐይን ከሚያየው ቀይ ያልፋልና፣ ሰማዩ በታሕተ ቀይ ብርሃን ፎቶ ይነሣል። ኮምፒዩተሩም ተጠጋግተው የተሰበሰቡ የጋላክሲ ዘለላዎችን ይለቅማል፤ ነገር ግን የደማቅ ኮከብ ነጸብራቅንም ዘለላ ነው ብሎ ያቀርባል። ስለዚህ እያንዳንዱን ምስል ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ አይተው «ነው» ወይም «አይደለም» ይላሉ። ሁለቱም «ነው» ያሉት ብቻ በትልቁ ቴሌስኮፕ እንዲረጋገጥ ይላካል።

ሁለተኛው መርማሪ ከጎኗ የሚቀመጠው፣ ስለ ዐይኑ ጥራት «ጭልፊት» የሚሉት እኩያዋ ነበር።

ከአራት ወር ወዲህ ደብዛዛዎቹ ነጥቦች ይሟሙባት ጀመር። ሐኪም ዘንድ መሄድ ፈራች፤ ሌላ ሥራ አታውቅምና። አንገቷን ሰገግ እያደረገች የጭልፊትን ስክሪን ማየት ለመደች፤ የእሱ «ነው» የእሷም «ነው» ሆነ።

የነቃችባት ታናሽ እህቷ ነበረች።

«እትዬ፣ ክሩን በመርፌው ጎን ነው እኮ የምታሳልፊው።»

«መርፌው ጠባብ ሆኖ ነው።»

«ግመሉም እንዲሁ ነበር ያለው። ኧረ ዐይንሽን ታዪ!»

አልሄደችም።

«ነው» የተባሉት ምስሎች ዝርዝር ሊላክ ሁለት ቀን ሲቀረው የክፍሉ ኃላፊ ሁለቱንም ጠርታ አንድ ምስል አሳየቻቸው። «ይህን ሁለታችሁም ‹ነው› ብላችኋል። መሐሉ ባዶ የሆነ የነጸብራቅ ቀለበት ነው፤ ጀማሪ እንኳ አይስተውም።»

ጭልፊት አንገቱን አከከ። «እጄ ስቶ ነው፤ ቁልፉን ተሳስቼ ነክቼ ይሆናል።»

«ያንተስ ይሁን፤ የሁለት ሰው እጅ በአንድ ምስል ላይ እንዴት ይስታል?»

«የኔም እጅ ስቶ ነው» ብትል ነገሩ በሳቅ ያልፍ፣ ወንበሯም ይተርፍላት ነበር። መርማሪዋ መነጽሯን አወለቀች።

«እኔ ምስሉን አላየሁትም። አራት ወር ሙሉ ያየሁት የሱን ስክሪን ነው። ዐይኔ ታሟል።»

ኃላፊዋ ሳትመልስ ጭልፊት ቀደማት። «አውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«በየቀኑ ‹ተሳስተሃል፣ አንተ ጭልፊት ሳትሆን ዶሮ ነህ› ስትይኝ የኖርሽ ሰው፣ አራት ወር አንዴም ሳትቃወሚኝ! አንገትሽ ሲሰግግም አይቻለሁ። ልክ ነህ መባሉ ጣፍጦኝ ዝም አልኩ።»

እንግዲህ በዚህ ታሪክ መግቢያ የተሰጠው ፍርድ ግማሹ ፈረሰ፤ ወቀሳው የብቻዋ አልነበረም። መናዘዟም ቢሆን ዘግይቷልና ምስጋና አያስገኝላትም። ዝርዝሩ እንዳይላክ ታገደ፤ እሷም ወንበሯን ለሌላ ለቅቃ ወደ ሐኪም ሄደች። በአራቱ ወር በፊቷ ላለፉት አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስድስት ምስሎች፣ ለእያንዳንዳቸው፣ ከማንም ያልተዋሰ ሁለተኛ ዐይን ይገባቸው ነበር።