ዳዊት የሚገድፈው ቴፕ

በሃምሳዎቹ መጨረሻ ደብረ ብርሃን አስተምር በነበረ ጊዜ፣ የትምህርት ቤታችንን ብቸኛ ቴፕ ተውሼ አንኮበር ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ መሪጌታ መዝሙረ ዳዊትን በቃላቸው ሲደግሙ ልቀዳ ነው።

አንዱን መዝሙር ቀድቼ ከደብራቸው የብራና ዳዊት ጋር ሳስተያየው አንዲት መስመር የለችም። መሪጌታን ልጠረጥር? ምላሴ ይቆረጥ! ቴፑ በእጄ ተበላሽቶ ከሆነ ግን ጉዴ ፈላ። ባትሪ ድንጋዩን ቀየርኩ፣ ክሩን ቀየርኩ፣ እንደገና አስደገምኳቸው። ያችው መስመር የለችም።

«ብረት ምን ያውቃል ልጄ፣ ቃል ይውጣል» አሉኝ አዝነው።

ሌላ ሰው ልሞክር ብዬ የደብሩን ሁለት ቄሶች በየተራ ቀዳሁ። ከሁለቱም ያችው መስመር ጎደለች። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያሻል? ቴፑን እየረገምኩ ስጠቀልል፣ ለንግሥ ከጎጃም የመጡ አንድ ደብተራ «እስቲ እኔን ቅዳኝ» አሉ። መልሼ ሳሰማ መስመሯ ቁልጭ ብላ ወጣች።

ቄሶቹን ዳዊት ማን እንዳስተማራቸው ጠየቅኳቸው። ሁለቱም ወደ መሪጌታ አዩ።

መሪጌታ ጋቢያቸውን አስተካከሉና፣ «እንኳን ማረልህ ልጄ፤ ቴፕህ ዳነ» አሉኝ።